የሌሊት ፈረቃ የጊታር ዳኛ

ሲያትል አየር ማረፊያ አጠገብ የኪራይ መኪና በሚታጠብበት ቦታ ሦስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12። ሥራው ጭንቅላት አይጠይቅም። መኪና ይገባል፣ ምንጣፉን ታወጣለህ፣ ወንበር ሥር የተረሳ የድንች ጥብስ ትለቅማለህ፣ መስታወት ትወለውላለህ፣ መኪናው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። እጅ እየሠራ ጭንቅላት ሥራ ይፈታል። ጭንቅላት ሥራ ሲፈታ ደግሞ አፍ ይጀምራል።

እኛ ጋ አፍ የሚከፈተው በአንድ ጉዳይ ነበር። እስከ ዛሬ ከተሰሙት የሮክ ጊታር ሶሎዎች (ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን ወጥቶ የሚዘፍንበት ቦታ ማለት ነው) የትኛው ይበልጣል?

አትሳቁ። የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ አንድ ካፌ ሲገናኝ አይታችኋል አይደል? እንደዚያ ነው። ልዩነቱ የእኛ ጨዋታ ዘጠና ደቂቃ ላይ አያልቅም።

አራት ነበርን። አንደኛው ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ፈረንጅ ነው፤ ባለጺሙ ልበለው። ሁለተኛው ከዲትሮይት የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ። ዕድሜው ከ60 አልፏል፣ በአማርኛ ብናወራ ኖሮ አንቱ የምለው ሰው ነው። ሦስተኛው ሜክሲኳዊ፣ አራተኛው እኔ። ግድግዳው ላይ ውሃ እንዳይገባበት በፌስታል የተጠቀለለ ሬዲዮ ተሰቅሏል። ሌሊቱን ሙሉ የ1970ዎቹን ሮክ ይለቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሶሎ ሲገባ ባለጺሙ ቫኪዩሙን ያጠፋል። ውጭ መኪና ቢደረደር ደንታ የለውም።

የእሱ እጩ የፒንክ ፍሎይድ ባንድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር ነው። ባንዱ በ1979 ባወጣው ‹‹ዘ ዎል›› አልበም ላይ ‹‹ኮምፈርተብሊ ነም›› የሚባል ዘፈን አለ። ሁለት ሶሎ አለው። ባለጺሙ የሚሟገተው ለመጨረሻው ነው። ‹‹ይሄ ሰውዬ አይቸኩልም። አንዱን ክር ይስብና እስኪያለቅስ ይጠብቀዋል›› ይላል። የጊልሞር ጥቁር ጊታር በ2019 በጨረታ 3.975 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት ነው የሰጠው። አንድ ሌሊት ብሬክ ላይ ሆነን ካርቶን ላይ አሰላነው። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ግብር ሳይነካው፣ ሳንበላ ሳንጠጣ፣ ወደ 95 ዓመት ገደማ። ሜክሲኳዊው ካርቶኑን አገላብጦ አየና ‹‹ኦቨርታይም ገብቶበታል?›› አለ።

የሜክሲኳዊው እጩ ጊታሪስቱ ካርሎስ ሳንታና ነው። ሳንታና የተወለደው ሃሊስኮ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ነው። የእኛም ሰውዬ የሃሊስኮ ልጅ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያቀርብም። ስታፋጥጠው ሳንታና በ1969 ዉድስቶክ በሚባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ሲወጣ ገና 22 ዓመቱ እንደነበር ይነግርሃል፣ አለቀ። ‹‹ይሄማ ዘር ቆጠራ ነው›› ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። እኛ ማን ሆነን!

የዲትሮይቱ ሰውዬ ኤዲ ሄዝል የሚባል፣ እኔ ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ጊታሪስት ነበረው። በኋላ እመጣበታለሁ።

የገረመኝ ታላቁን ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስን ማንም አለማንሳቱ ነው። ሰውዬው በ1942 እዚሁ ሲያትል የተወለደ ነው። በ1970 ለንደን ላይ በ27 ዓመቱ ሞቶ፣ ሬሳው መጥቶ እዚሁ አጠገባችን ሬንተን ነው የተቀበረው። እንዴት ይረሳል? ባለጺሙን ጠየቅሁት። ‹‹እሱ ውድድር ውስጥ አይገባም›› አለኝ። ይሄ ወዲያው ገባኝ። እኛስ ማን ይበልጣል ብለን ስንከራከር ጥላሁንን መቼ እናስገባለን? የሚያጣላን ከጥላሁን በታች ያለው ነው።

እንግዲህ ሦስት ሰው፣ ሦስት እጩ። ድምፅ ቢሰጥ አንድ ለአንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ወደ እኔ ዞሩ። ‹‹አንተ ወገን የለህም፣ አንተ ፍረድ።››

እኔ ስለ ሮክ ምን አውቃለሁ? አዲስ አበባ ልጅ ሆነን በማይክል ጃክሰን ‹‹ቢት ኢት›› ስንጨፍር ነው ያደግነው። ዳንሱን ከነእግር አጣጣሉ እናውቀዋለን። መሃል ላይ የሚያፏጨው ነገር ግን ማሽን ነበር የሚመስለኝ። ይሄን ስነግረው ባለጺሙ ባልዲው ላይ ሊቀመጥ ደረሰ። ለካ የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ነው! በ1982 የማይክል ፕሮዲውሰር ኩዊንሲ ጆንስ ጠራው፣ ስቱዲዮ ገባ፣ ተጫወተ፣ ሳይከፈለው ወጣ። ስንት ዓመት ሙሉ የሮክ ሶሎ እየሰማሁ ኖሬ አላወቅሁም።

ዳኛ ሆኜ ከተሾምኩ ወዲህ ጠዋት ቤት ስገባ ሳልተኛ በፊት የቤት ሥራዬን እሰማለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ይሠራል፣ በአዘቦት ኡበር ይነዳል። አንድ ጠዋት እሱ ፍርፍር እየሠራ እኔ ሌድ ዘፕሊን የሚባለውን የሮክ ባንድ ‹‹ስቴርዌይ ቱ ሄቨን›› ከፈትኩ። የ1971 ሥራ ነው፣ ስምንት ደቂቃ ያህል ይረዝማል። የጊታሪስታቸው የጂሚ ፔጅ ሶሎ የሚገባው ወደ መጨረሻው ነው። ሲገባ ልጁ ማማሰያውን እንደያዘ ሳሎን መጣ።

‹‹ስማ፣ መልሰው እስቲ።››

መለስኩት።

‹‹ይሄ እኮ ባቲ ነው!››

ኪቦርዱን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣው። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። አምስት ድምፅ። ፈረንጆቹ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል፤ ብሉዙም ሮኩም ከእሱ ነው የሚቀዳው። እኛ ባቲ ማይነር እንለዋለን። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘህ ማረፊያህን ከላ አንስተህ ዶ ላይ ብታደርገው ደግሞ ትዝታ ሜጀር ቁጭ ይላል። ‹‹ቤቱ አንድ ነው፣ የምትገባበት በር ነው የሚለያየው›› አለኝ። የፔጅን ሶሎ ከመጀመሪያው በቀኝ እጁ እየለቀመ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ‹‹እዚህ ጋ ፋ ነክቷል። ከቅኝቱ ወጣ።›› የሰርግ ዘፋኝ ቁልፍ የሳተበት ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ደግሞ መለሰውና ‹‹ግን ያምራል›› አለ። ፍርፍሩ አርሮ ነው የበላነው።

በዚያ ሌሊት ደረቴን ነፍቼ ሥራ ገባሁ። ሮካችሁ ባቲ ነው አልኳቸው። ባለጺሙ ‹‹እሺ፣ የእናንተ ሶሎ የታለ?›› አለኝ። ሰላም ስዩም ጊታር የሚጫወትበትን አይቤክስ ባንድን ይዤ፣ የማህሙድን ‹‹ኧረ መላ መላ›› ከፈትኩላቸው። ሜክሲኳዊው ትከሻው መንቀሳቀስ ጀመረ። ባለጺሙ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ‹‹ጊታሩ ጥሩ ነው። ግን ብቻውን አይወጣም›› አለ። ልክ ነው። እዚያ ዘፈን ላይ ወጥቶ የሚጣራው ማህሙድ ነው፣ ጊታሩ ከሥር ከሥር ይከተለዋል። ሳንታናን ለዘሩ የመረጠ ሰው እንኳ የእኔን እጩ አልደገፈልኝም።

የኤዲ ሄዝል ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ መኪና ጋብ ያለበት ሰዓት። የዲትሮይቱ ሰውዬ ሬዲዮውን ዘጋና ስልኩን ድምፁ ጎላ እንዲል የቡና ኩባያ ውስጥ አቆመው። ‹‹ከመስማትህ በፊት ልንገርህ›› አለኝ። ፈንካዴሊክ የሚባል ባንድ ነው፣ 1971፣ ዲትሮይት ውስጥ የተቀዳ፣ ‹‹ማጎት ብሬይን››። አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቃል አለ፣ ከዚያ ጊታር ብቻ። የባንዱ መሪ ጆርጅ ክሊንተን ለሄዝል እናትህ መሞቷን አሁን እንደሰማህ አድርገህ ተጫወት አለው። ሄዝል ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነው።

‹‹እንዴት አድርጎ ነው የነገረው?›› አልኩ።

‹‹እንዴት ማለት?››

‹‹ዝም ብሎ? እዚያው እንደቆመ? እናትህ ሞተች ብሎ?››

‹‹ታዲያ እንዴት ይበለው?››

የእኛ ሰው ችግሬ ይገባዋል። መርዶ እንደዚህ አይነገርም። ስለዚህ የራሴን ነገርኳቸው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ከሀገር ቤት የተደወለው ማክሰኞ ነው። የተደወለው ለእኔ አይደለም፣ ለኪቦርዱ ልጅ ነው። አምስት ቀን በሆዱ ያዘው። ፍርፍር እየሠራልኝ፣ የሰርግ ቀልድ እያወራልኝ። ስልኬ ተበላሽቷል እያለ የእኔን ሲወስድብኝ ይውላል። እሁድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ጫማ ተደርድሯል። የወንድ፣ የሴት፣ አንድ ተረከዙ የተረገጠ ጥቁር የሽማግሌ ጫማ። ያንን ጫማ አውቀዋለሁ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጫማ ነው። እሳቸው ደግሞ ቤታችን መጥተው አያውቁም። ቁልፉን እጄ ላይ ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ጥንድ። በእሁድ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ቡና ሊጠጣ አይመጣም። ስገባ ሁሉም ቆመው ነበር። ማንም ምንም አላለኝም። የሚባል ነገርም አልቀረም። ከእኔ የወጣው ድምፅ ግን የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉኝ።

የዲትሮይቱ ሰውዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ‹‹እኔ የእናቴን በቮይስሜይል ነው የሰማሁት›› አለ። ‹‹ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ።›› ከዚያ ስልኩን ነካው።

ጊታሩ ገባ። ከታች ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ሀገር ቤት ለቅሶ ላይ አስለቃሿ አንድ ሐረግ ትልና ለቀስተኛው እስኪቀበላት የምትስባት ትንፋሽ አለች። እሷን ሰማሁ። ሄዝል ይልና ያቆማል፣ ይልና ያቆማል። የሚቀበለው ግን የለም። ለካ ክሊንተን በኋላ ድምፁን ሲያስተካክል ሌሎቹን መሣሪያዎች አጥፍቶበታል። ከሥሩ አንዲት ጊታር ብቻ ቀርታ ያንኑ ያንኑ ትመላልሳለች። የሚመልስለት የራሱ ማሚቶ ነው። አሥር ደቂቃ ሙሉ ብቻውን ነው የሚያለቅሰው። እኔ እኮ አሥራ አንድ ሰው ነበረኝ።

ሲያልቅ ባለጺሙ እንኳ አልተከራከረም። ውጭ ስምንት መኪና ተደርድሮ ነበር።

ፍርዱን የሰጠሁት በሳምንቱ ነው። ሄዝል አልኩ። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ባለጺሙ ‹‹እሱ ፈንክ ነው፣ ሮክ አይደለም!›› ብሎ ጮኸ። ሜክሲኳዊው ‹‹ዳኛው ተገዝቷል›› አለ፤ የዲትሮይቱ ሰውዬ ቡና እንደሚጋብዘኝ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር በጥበብ ከሄድን ጊልሞር ይበልጣል፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው። ደጋግሞ ተጫውቶ ከየቅጂው ጥሩ ጥሩውን መርጦ የገጣጠመው ሶሎ ነው። ስፌቱ የት እንዳለ ብትፈልግ አታገኘውም። ይሄንኑ ለባለጺሙ ማስታገሻ ብዬ ብናገር የዲትሮይቱ ሰውዬ ከቫኑ ውስጥ አንገቱን አወጣና ‹‹ለቅሶ ተቆርጦ ይሰፋል?›› አለ። እሳቱ ላይ ቤንዚን።

ባለጺሙ ይግባኝ ጠየቀ። ይግባኝ የት ይታያል አልነው። ‹‹ሬንተን፣ እሱ ጋ›› አለ።

አርብ ጠዋት ከፈረቃ እንደወጣን አራታችን በእሱ ፒካፕ ሄድን። ያን መካነ መቃብር ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌዋለሁ፤ ገብቼበት አላውቅም። የሄንድሪክስ መቃብር ላይ በዓምድ የቆመ፣ አናቱ ክብ የሆነ የድንጋይ ዳስ ተሠርቶለታል። ሰው የጊታር መምቻ ጥሎ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ የሊፒስቲክ ከንፈር ታትሟል። የዲትሮይቱ ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም ሳላስበው አማተብኩ። ሜክሲኳዊው የሚያስቀምጠው ነገር ፈልጎ ኪሱን ቢፈትሽ የመኪና ሽቶ ብቻ ተገኘ፣ ያችን ባለ ጥድ ዛፍ ካርቶን። አስቀመጣት።

ባለጺሙ ግን ተንበርክኮ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ጊታር በጣቱ እየተከተለ ያጉተመትማል። ሄንድሪክስ ግራኝ ነው፣ የቀኝ እጅ ጊታር ገልብጦ ነበር የሚጫወተው። ድንጋዩ ላይ ያለው ግን እንደማንም ሰው ጊታር በቀኝ ነው። ‹‹በመጣሁ ቁጥር ያናድደኛል›› አለ። ‹‹ዕድሜውን ሙሉ ገልብጦ ተጫውቶ፣ ሲሞት አቀኑበት!››

ካፊያው ጀመረ። ሁላችንም እንቅልፋችን መጥቷል።

‹‹ይግባኙስ?›› አለ ሜክሲኳዊው፣ መኪናው በር ላይ ስንደርስ።

ባለጺሙ ጺሙን ጨመቀ። ‹‹ሰኞ›› አለ።