ደብተሬን እንደገና የጻፍኩበት ክረምት

ነገሩ የጀመረው ኮሶዬ ላይ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ገደል አፍ ላይ ያለችው ቦታ። ጥቅምት ነበር፤ ጉሙ ገና ከገደሉ አልወጣም። እኔ የወፍ አስጎብኚ ነኝ፤ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይዣለሁ፤ ሰባን የተሻገሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍ ሲያዩ የኖሩ ሰው። ሳሩ ላይ አንድ ወፍ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደረቱ ላይ ጥቁር ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ሁለት ሦስት እርምጃ ሮጥ ይልና ቆም፣ ሮጥ ይልና ቆም። "ግራውንድስክሬፐር ትረሽ" አልኳቸው። "እሱንስ ደቡብ አፍሪካ አይቼዋለሁ" አሉና ባይናኩላራቸውን እንኳን ሳያነሱ ወደ ገደሉ ሄዱ፣ ጥንብ አንሳ ፍለጋ።

ማታ እራት ላይ ስልካቸውን ሲነካኩ ቆዩና ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት። ያ ወፍ በሳይንቲስቶች ዘንድ ለሁለት ዝርያ ተከፍሏል። የደቡቡ የድሮ ስሙን ይዞ ቀርቷል፤ የኛው ደግሞ "ኢትዮፒያን ትረሽ" ተብሎ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኗል፤ መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። እኔም እሳቸውም የያዝነው የድሮ መጽሐፍ ነበር። በነጋታው በጠዋት በረራ አላቸው። ባዩዋቸው ወፎች ዝርዝር ላይ ያልነበረ አዲስ ወፍ አሥር ሜትር ላይ ቆሞላቸው ጀርባ ሰጥተውት ሄዱ ማለት ነው።

አልተቆጡኝም፣ ጨዋ ሰው ናቸው። እኔ ግን አፈርኩ። የወፉ ሳይንሳዊ ስም "ሲሜንሲስ" ነው እኮ! ስሜን ማለት ነው፣ የኛው የስሜን ተራሮች፤ ቀይ ቀበሮም ይህንኑ ስም ይዟል። ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንና ጎንደር ድረስ መጥቶ ነው ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው። የአገሬ ስም የተጻፈበትን ወፍ እኔው አስጎብኚው የሰው አገር ወፍ አድርጌ አሳለፍኩት።

ክረምት ሲገባ እንግዳ የለም። ያየኋቸውን ወፎች የመዘገብኩባቸውን ደብተሮቼን አወጣሁ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁለቱ ዝናብ በልቷቸዋል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ስላላት "ጋሼ፣ ኤክሴል ላይ እናስገባው፤ ከዚያ ስሙን በአንድ ጊዜ መቀየር ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ እያነበብኩ እሷ ጻፈች።

በአንድ ጊዜ መቀየሩ ግን ጉድ ሠራን። ቡቡ የሚባል ወፍ አለ፤ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ የሚዘፍን። ወንዱ ሲያወጣ ሴቷ ትቀበላለች፤ እንደ አዝማሪና ሚስቱ፣ ግን መሀላቸው ምንም ክፍተት ስለሌለ ያልለመደ ሰው አንድ ወፍ ብቻ የሰማ ይመስለዋል። ፋሲል መዋኛ ግንቡን በሥራቸው የተጠመጠሙት ዛፎች አካባቢ ጠዋት ጠዋት እሰማው ነበር። በድሮው አጠራር "ትሮፒካል ቡቡ" ነው። በኋላ የዘረመል ጥናት ሲደረግ አንድ ዝርያ የተባለው አንድ እንዳልሆነ ታወቀና ተከፋፈለ፤ የኛው "ኢትዮፒያን ቡቡ" ሲባል ትሮፒካል የሚለው ስም ለሌላው ቀረ። እኛም "ትሮፒካል" የሚለውን ሁሉ "ኢትዮፒያን" ብለን ቀየርነው። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ኡጋንዳ ሄጄ ኢንቴቤ የሰማሁት ቡቡም አብሮ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ያለ ማመልከቻ ዜግነት ሰጠሁት።

ስለዚህ ከሀ ጀመርን። አሁን መጀመሪያ የማየው ስሙን ሳይሆን ቦታውን ነው። የት አየሁት? ጎርጎራ ከሆነ ሌላ፣ ኢንቴቤ ከሆነ ሌላ። ዝርያ ሲከፈል አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በአገር በአገር ስለሆነ፣ ቦታው በትክክል የተጻፈ መዝገብ ስሙ አሥር ጊዜ ቢለዋወጥም ይተርፋል። ቦታ የሌለው መዝገብ ግን ሞቷል። እኔ ደግሞ ስንቱ ላይ "መንገድ ላይ" ብቻ ብዬ ጽፌያለሁ መሰላችሁ።

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነበር። ደብተሬ በኛ አቆጣጠር ነው። "8/5/2008" ይላል፤ ጥር 8፣ የጥምቀት ሰሞን። ልጅቷ እንዳለ አስገባችው። ኮምፒዩተሩ በፈረንጅ አንብቦ ሜይ 2008 አደረገው፤ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 17 ቀን 2016 ነው። ስምንት ዓመት አሮጌ ሆነ፣ ወሩም ጠፋ። ወሩ ካልተገኘ ደግሞ ወቅት ጠብቆ ከሌላ አገር ስለሚመጣ ወፍ ምንም ማለት አይቻልም።

ለዚህ ጭልፊትን ውሰዱ። ከተማችን ውስጥ ሥጋ ከእጅ የሚነጥቀው አዋቂው መንቁሩ ቢጫ ነው። በጥር ግን ከአውሮፓ ብርድ ሸሽቶ የሚመጣ መንቁሩ ጥቁር የሆነም አለ። ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ ሁለት በሚለው ላይ የዓለም የወፍ ስም ዝርዝሮች ለዓመታት አልተስማሙም፤ አንዱ ይለያቸዋል፣ አንዱ ያዋህዳቸዋል። እኔ የጻፍኩት "ብላክ ካይት፣ 6" ነው። የመንቁር ቀለም የለም። ስድስቱ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ እንግዲህ እግዜር ይወቀው። እዚያ ረድፍ ላይ ባዶ ትቼ አለፍኩ፤ መገመት ቀላል ነበር፣ ግን የተገመተ ነገር አንዴ ከገባ ማንም አይለየውም።

ከቆቅ ጋር ደግሞ ሌላ ትግል ነበር፤ ይሄኛው እንኳን ያስቃል። ስሜን ላይ የምናየው ትልቁ ቆቅ ድሮ "ፍራንኮሊን" ነበር፣ አሁን "ስፐርፎል" ሆኗል። ዘረመሉ ሲታይ ፍራንኮሊን የሚባሉት ሁሉ አንድ ወገን አልነበሩም፤ ግማሾቹ ለዶሮ ይቀርባሉ፣ የኛው ያለበት ወገን ደግሞ ለድርጭት። አባቴን ብትጠይቁት ሁለቱም ቆቅ ነው፣ ወጡም ያው ነው።

ስም መቀየር ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ይህን የገባኝ ሥራውን ስጨርስ ነው። ዝርያ ሲከፈል ያየኸው ነገር ራሱ ይቀየራል፣ ቆጠራህ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። መጠሪያው ብቻ ሲቀየር ግን ወፉ ያው ነው። የአሜሪካ የወፍ ባለሙያዎች ማኅበር በፈረንጅ 2023 በሰው ስም የተሰየሙትን የእሱ ክልል ወፎች የእንግሊዝኛ ስም እቀይራለሁ ሲል ብዙ ሰው ተንጫጫ። እኔን ያን ያህል አልቆረቆረኝም። የሩፔል ጥንብ አንሳ ነገ ሌላ ስም ቢወጣለት እዚህ ያው ጥንብ አንሳ ነው። ያበሳጨኝ የነበረው ሦስት ትልልቅ የዓለም ዝርዝሮች ሦስት የተለያየ ነገር ማለታቸው ነው፤ አንዱ እንግዳ አንዱን ዝርዝር፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ይመጣል፣ መሀል ላይ እኔ። በፈረንጅ 2025 ተስማምተው አቪሊስት የሚባል አንድ ዝርዝር አወጡ፤ 11,131 ዝርያ አለው። አሁን የምከተለው እሱን ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ላይም የየትኛውን ዓመት ዝርዝር እንደተከተልኩ እጽፋለሁ።

አዲሱ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ገጽ ኮሶዬ ነው። ሳይንሳዊ ስም፣ ቦታ፣ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ከዚያ ያየሁት ነገር በአማርኛ፦ "ደረቱ ነጠብጣብ፣ ሮጦ ይቆማል፣ ሁለት ናቸው፣ ትል ይዟል።" ፎቶ አንስቼ ለሽማግሌው ላክሁላቸው። በማግስቱ መለሱልኝ፦ ያን ቀን በዓይኔ ጠርዝ አይቼዋለሁ፣ ብቆጥረው ሐጢአት ይሆናል ወይ? "ጋሼ፣ እኔ የማስታውሰው ጀርባዎን ነው" ብዬ ጻፍኩላቸው። ለጥቅምት ትኬት እያዩ ነው።