ነጭ ሽንኩርት «ሺሮ ኔጊ» አይደለም

ኦሳካ በገባሁ በአራተኛው ወር የአትክልትና የፍራፍሬ ስም በጃፓንኛ አጠናሁ። አትክልት ያሳይ፣ ፍራፍሬ ኩዳሞኖ፣ ፖም ሪንጎ፣ ድንች ጃጋይሞ። በሁለት ሳምንት 60 ቃል ያዝኩ። ይሄ አያስቸግርም።

ጉዱ የመጣው በፋሲካ ዋዜማ ነው። ቁሌቱ እሳት ላይ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት የለም። አብሮኝ የሚሠራ ጃፓናዊ ወደ ቤቴ እየመጣ ስለነበር ደወልኩለት። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ወረቀት ኔጊን «ሽንኩርት» ብሎ ነበር የተረጎመው። ነጭ ደግሞ ሺሮ ነው፤ ከኛው ሽሮ ጋር ስለሚመሳሰል አልረሳውም። ሁለቱን ገጣጥሜ «ሺሮ ኔጊ ግዛልኝ» አልኩት። «ናንቦን?» አለኝ። ስንት ማለቱ መሆኑ ገባኝና «ጎ» አልኩ፤ አምስት።

ይዞልኝ የመጣው ክንድ የሚያህል አምስት ባሮ ሽንኩርት ነው። አረንጓዴ ቅጠሉ ከፌስታሉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ልጁ አልተሳሳተም። ሺሮ ኔጊ ማለት እሱው ነው። ቶኪዮ ናጋኔጊ ይሉታል፣ ረጅሙ ኔጊ። እኛ ቀዩንም ነጩንም ሽንኩርት እንላለን። እነሱ ግን ድቡልቡሉን ሽንኩርት ታማኔጊ ይሉታል፤ ታማ ድቡልቡል ነገር ነው። ነጩ ኒንኒኩ ነው፤ ስሙ ከኔጊ ጋር አይገናኝም።

እስካሁን የሚያናድደኝ «ናንቦን» ነው። ጃፓኖች ረጅም ነገር የሚቆጥሩበት ቃል ሌላ፣ ትንንሽና ድቡልቡል ነገር የሚቆጥሩበት ሌላ ነው። አንድ ካሮት ኒንጂን ኢፖን፣ ሁለት ኒሆን፣ ሦስት ሳምቦን። ነጭ ሽንኩርት ቢመስለው ኖሮ «ናንኮ?» ይለኝ ነበር። ረጅም ነገር ሊገዛ እንደሆነ ገና ስልክ ላይ ነግሮኛል! አስተማሪያችን ግን «አሁን ስሙን ብቻ ያዙ፣ አቆጣጠሩ ኋላ ይደርሳል» ብላ ዘለለችው። እኔም 60 ቃል ስላወቅኩ ረክቼ አልጠየቅኩም። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት ወጣ። እንግዶቼ ምንም ሳይሉ በሉ፤ እኔን ግን ቆጨኝ።

ትምህርት ቤት ምንም ቢላችሁ ስሙን ለብቻው አታጥኑ። ከነአቆጣጠሩ ያዙት። አንድ ጥቅል ጎመን ኪያቤትሱ ሂቶታማ፣ አንድ ዘለላ ወይን ቡዶ ሂቶፉሳ። እንዲህ የተያዘ አሥር ቃል ከእኔ 60 ይሻላል። ደግሞ ያኦያ ሂዱ፣ የሰፈር አትክልት ቤት ማለት ነው። ባለቤቱ ለሌላ ሰው ሲቆጥር ጆሮ ስጡ። ኒንኒኩንም ሙሉውን ጥሩት። «ኒኩ» ብቻ ካላችሁ ሥጋ ነው፤ በጾም ወቅት በተለይ ተጠንቀቁ።

በሳምንቱ ያኦያ ሄጄ «ኒንኒኩ ኒኮ» አልኩ። ሰውዬው ሁለት ራስ አንስቶ ሰጠኝ። ወጡን ለዳግማይ ትንሣኤ እንደገና ሠራሁት።