የእናቴ እርሾ በጎመን ውሃ ሲለካ

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ገና ፊቱን ሳይታጠብ «ማሚ፣ ሊትመስ ወረቀት አለን?» አለኝ። ስምንተኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራው ቤት ውስጥ ካሉ ነገሮች አሲዱንና ቤዙን ለይቶ መመዝገብ ነው፤ መለያ ወረቀቱን ግን አልሰጧቸውም። እኔ በኬሚስትሪ ተመርቄ 14 ዓመት ሙሉ የምውለው ባንክ ቤት ነው። ጥያቄውን ስሰማ አልጋ ላይ መቆየት አልቻልኩም፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ አትክልት ቤት ሄድኩ።

ሊትመስ ባይኖር ቀይ ጥቅል ጎመን አለ። ግማሹን አድቅቀን ከተፍን፣ ውሃ ጨምረን ሩብ ሰዓት ያህል ቀቀልነውና አጠለልነው። የወጣው ውሃ ደማቅ ወይን ጠጅ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አንቶሲያኒን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ አሲድ ሲያገኝ ወደ ሮዝና ቀይ፣ ቤዝ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ቤዙ ሲበረታ ደግሞ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጎመኑን ያጣ ሰው ከርከዴ ይዘፍዝፍ፤ እሱም ጥሩ ይሠራል። ቀይ ሥር ግን አልመክርም፤ በጣም ኃይለኛ ቤዝ ካላገኘ ቀለሙ ብዙም አይነቃነቅም።

የሻይ ብርጭቆዎቹን መስኮቱ ሥር ደረደርን። ሎሚና አቼቶ ጠብ እንዳሉ ውሃው ቀላ። ወተት ብዙም አልለወጠውም። ቤኪንግ ሶዳ ሰማያዊ አደረገው፣ ኦሞ አረንጓዴ። ከከሰል ማንደጃው ሥር አመድ ዘግኜ በውሃ በጠበጥኩና እስኪጠል ጠበቅን፤ ከላይ የተቀዳው ንጹሕ ውሃ ከኦሞው የባሰ አረንጓዴ ሰጠን። አያቴ ገጠር ቅባት የያዘውን ድስት በአመድ ሲፈገፍጉ አይ ነበር። አመድ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ካርቦኔት ቤዝ ነው፤ ቅባቱን ሲያገኘው ከፊሉን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ይህን ለልጄ ስነግረው እሳቸው ጭብጥ አድርገው ይዘውት የነበረው አመድ ዓይኔ ላይ መጣ።

እሁድ የማኅበር ተራ የእኛ ስለነበር እናቴ ሁለት ባልዲ ሊጥ አቡክታ ነበር፤ አንዱን ረቡዕ፣ ሌላውን አርብ ማታ። ልጄ ብርጭቆ ይዞ መጣና ከሁለቱም ማንኪያ ማንኪያ እርሾ ለመነ። እናቴ መጀመሪያ ጣቷን ከአንዱ ባልዲ ነክራ ቀመሰች፣ ከሌላውም ቀመሰች። «ይቺ ገና ናት፤ ያቺ ግን ደርሳለች፤ እንዲያውም ውሃዋን ደፍቼ ካልቀየርኩላት ነገ ትኮመጥጥብናለች» አለች። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጥን። የአርቡ ወይን ጠጅ መልኩን ብዙም አልለቀቀም፣ ትንሽ ብቻ ቀላ። የረቡዑ ጥርት ያለ ሮዝ ሆነ። ልጄ ብርጭቆውን አየ፣ እናቴን አየ፣ መልሶ ብርጭቆውን አየ። «እማማ፣ እንዴት አወቅሽ?» አላት። «ስቀምሰዋ!» አለችው።

ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ከዱቄቱ የሚገኘውን ስኳር እየበሉ ላክቲክ አሲድ የሚያወጡ ናቸው። ቀኑ በጨመረ ቁጥር አሲዱ ይጨምራል፤ እናቴ ከላይ ያቀረረውን ውሃ የምትደፋውም አሲዱ ከዚያ ውሃ ጋር እንዲሄድላት ነው። ውሃ ላብራቶሪ የምትሠራ ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ ጥቂት የፒኤች ወረቀት፣ ማለትም አሲድነትን በቁጥር የሚለካ ወረቀት፣ አመጣችልን። ሎሚው 2 ገደማ፣ የረቡዑ እርሾ 4 ገደማ፣ ሶዳው 8 ገደማ ሆነ። ልጄ 2 እና 4 ብዙም የማይራራቁ መስለውት ነበር። ነገር ግን ፒኤች አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲድነቱ አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ ሎሚው ከእርሾው 100 እጥፍ ይበልጣል። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ሶረን ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ነው፤ ይሠራ የነበረውም ኮፐንሀገን፣ የካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ባቋቋሙት ላብራቶሪ ውስጥ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «እርሾ ካለበት ቤት ነዋ የወጣው!» ብላ ደስ አላት።

እኔን ራሴን ያስደነቀኝ አምቦ ውሃ ነው። አሁን የተከፈተውን ስንጨምር የጎመኑ ውሃ ወደ ሮዝ አደላ። ከዚያው ጠርሙስ የተረፈውን ምድጃ ላይ አፍልቼ፣ ጋዙ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ቀዝቅዞ ስንጨምረው ግን ወደ ሰማያዊ ሄደ። አንድ ውሃ፣ ሁለት መልክ። የሚፈላው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ደካማ አሲድ ይሆናል። እሱ ሲወጣ የሚቀረው ባይካርቦኔት ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው ሆነ።

በረኪናን ልጄ እንዲነካ አልፈቀድኩም። በረንዳ ላይ ጓንት አድርጌ፣ ለብቻው በሆነ ብርጭቆ ጥቂት ጠብታ ጨመርኩ። ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀለሙ ጨርሶ ጠፋ፤ በረኪና ቤዝ ከመሆኑ በላይ ቀለሙን ራሱን ያጠፋዋል። ያንን ብርጭቆ ከሎሚውና ከአቼቶው ጋር እንዳልደፋ ተጠንቅቄ ለብቻው በብዙ ውሃ አጠብኩት። ምክንያት አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ካፈሰስኩ በኋላ «ይበልጥ ይጽዳ» ብዬ በረኪና ጨመርኩበት። የወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው። ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ፤ በሩን ከፍቼ እየተሳልኩ ወጣሁ፣ ደረቴ ማታም አልተወኝም። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ! ማጽጃ የምትገዙ፣ በተለይ ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች፣ እባካችሁ ሁለቱን ጠርሙሶች ለያይታችሁ አስቀምጡ፤ ለምን እንደሆነም ንገሯት። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የማትችል ከሆነ ደግሞ አብራችሁ አሳዩአት።

የተረፈውን ግማሽ ጎመን ለምሳ ሰላጣ አደረግነው። ሎሚውን የጨመቀው ልጄ ነው። ቅጠሉ ሎሚው የነካው ቦታ ሁሉ ሲቀላ አይቶ እጁን አቆመ፣ ከዚያ ደብተሩን ሊያመጣ ሮጠ።