ባሌ ላይ ድንኳን ተከላ፦ ከሦስተኛው ጉዞ በፊት

መጀመሪያ ለባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ያወጣሁትን ዕቅድ ትናንት ማስታወሻዬ ውስጥ አግኝቼ ብቻዬን ሣቅሁ። ቀይ ቀበሮ የት እንደሚታይ፣ የደጋ አጋዘን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር መሆኑ ሁሉ ተጽፏል። ስለ ሌሊቱ ያለው ግን «ዲንሾ፣ ድንኳን» የሚል ብቻ ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ዝናብ የለም ብዬ መረጥኩት፤ እውነትም አልዘነበም። ግን ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን የሞቀው መሬት ሙቀቱን ይዞ የሚያቆይለት ደመና የለውም። ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ፣ ሦስቱንም ከላይ። ከሥሬ አንዲት ስስ ምንጣፍ ብቻ ነበረች። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ጎኔ ደንዝዞ ተነሥቼ ቁጭ ስል በትንፋሼ የረጠበው የድንኳን ጣሪያ አንገቴ ላይ ጠብ አለ። ሲነጋ ደጅ የረሳሁት የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ላዩ በረዶ ይዞ ነበር።

አስጎብኚያችን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ አልጋዬን አይተው «ልጄ፣ ብርዱ እኮ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ አንቺ ከላይ ቆለልሽው» አሉኝ። የመኝታ ከረጢት ገዝቼም ቢሆን ጉዳዩ ያው ነው፤ ከሥር ያለው ሙሌት በክብደታችን ይጨፈለቃል፣ ሲጨፈለቅ ደግሞ አያሞቅም።

በሁለተኛው ጉዞ ወፍራም ስፖንጅ ይዤ ሄድኩና በእንቅልፍ በኩል ተሳካልኝ። የበደለኝ ሆዴ ነው። ድፍን ምስር ጣድኩ፤ ይንተከተካል እንጂ አይበስልም። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ መንተክተኩ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ጠዋት ደግሞ ትንሿ የካምፕ ጋዝ ለቡና እንኳ እምቢ አለች። ውስጧ ያለው ቡቴን የሚባለው ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። አሁን ቆርቆሮዋን ማታ መኝታዬ ውስጥ አስገባታለሁ፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ያለችውን ባልጽፈው ይሻላል።

የአሁኑ ዕቅድ አራት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳትና ዲንሾ ማደር፣ ሌላ ምንም። በሁለተኛው ቀን በሮቤና በጎባ በኩል ሳነቴ አምባ እንወጣለን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ሜዳ ላይ ጅብራውንና ፍልፈል የሚያደባውን ቀበሮ ስናይ እንውላለን፣ ግን አናድርም። ከከፍታው የተነሣ ራስ ምታት የጀመረው ሰው እዚያ ሲተኛ ይብስበታል። ሲመሽ በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ደን ወርደን ካቻ በሚባለው የድንኳን ቦታ እንተክላለን። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፎ ወደ ደኑ ሲገባ አየሩ ፊት ላይ ሲለወጥ ይታወቃል። ሦስተኛውንም ሌሊት እዚያው ነን።

ምግቡ በአብዛኛው ምድጃ የማይፈልግ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ። ጭኮን የአርሲና የባሌ ሰው በከንቱ አልወደደውም፤ ገብስና ቅቤ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነት ያሞቃል።

አንድ ያጣላን ነገር አለ። ጓደኛዬ ውሻዋን ካላመጣሁ አለች። ቀይ ቀበሮዎቹ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ነው ያሉት፤ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድም ጊዜ በላይ ፈጅቷቸዋል። «የእኔ ተከትባለች» ብላ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ዲንሾ እስክንደርስ ይበርዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትናንት ማታ ድንኳኑን ግቢያችን ውስጥ ተክዬ፣ የአየር ማስገቢያውን ከፍቼ አደርኩ። «ቤት እያለሽ ደጅ ታድሪያለሽ?» ብላ እናቴ ሁለት ጊዜ በባትሪ አየችኝ። ጣሪያው ግን አልረጠበም። የቀረኝ ጭኮውን ማሸት ነው።