ከርነሉን ወደ ራም አዛውሬ ያተረፍኩት

አንድ ሰሞን የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ በቀን ደጋግሜ ኮምፓይል አደርግ (ምንጭ ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም እቀይር) ነበር። ድራይቨር (አንድን መሣሪያ የሚያሠራ የከርነል ኮድ) እያስተካከልኩ ስለነበር ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያለው ጥበቃ ትዕግስቴን ጨረሰው። ጥፋቱን ዲስኩ ላይ ጣልኩ። ራም፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የያዘውን የሚያጣው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ ከኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል ከሌለው ዲስክ) በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን ሥራውን ሁሉ ወደዚያ ባዛውረው ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል ብዬ አሰብኩ።

ኮምፒውተሬ 16 ጊጋባይት ራምና ስምንት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) አለው። ቴምፕኤፍኤስ ከፈትኩ፤ ይህ ፋይሎችን በራም ላይ የሚያስቀምጥ የፋይል ሥርዓት ሲሆን መጠኑ ካልተወሰነለት እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ መያዝ ይችላል። ኮዱን ገልብጬ ሰዓት ያዝኩ፤ ከዚያ ያንኑ ሥራ በኤስኤስዲው ላይ ደገምኩት። የተለያዩት በጥቂት ሰከንዶች ብቻ ነበር። አላመንኩም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ሆነ።

መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር። የዲስኩ መብራት አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ግን ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ሥራ የወሰደውን ጊዜ የሚለካው «ታይም» የተባለ ትእዛዝ ያወጣውን ሳይ፣ ኮሮቹ በሥራ ያሳለፉት ጊዜ ተደምሮ በግድግዳ ሰዓት ካለፈው ሰባት እጥፍ በላይ ነው። ስምንቱም ኮሮች ሥራ ፈተው አያውቁም ማለት ይቻላል።

ደግሞም ሊኑክስ አንዴ ያነበበውን ፋይል በነፃው ራም ውስጥ ይዞ ያቆየዋል፤ ፔጅ ካሽ የሚባለው ይህ ነው። በሲ ቋንቋ ለተጻፈ አንድ ፋይል የተነበበ ሄደር (ብዙ ፋይሎች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) ለሺዎቹ ሌሎች የሚመጣው ከራም ነው። የሚጻፈውም ቢሆን ወዲያው ዲስክ ላይ አይወርድም፤ በተለመደው ቅንብር 30 ሰከንድ ያህል ራም ላይ ቆይቶ ከበስተጀርባ ይጻፋል። በዲስክ ላይ ለካሁ ያልኩት ሥራ አብዛኛው በራም ላይ ሲካሄድ ኖሯል። ፔጅ ካሹን አራግፌ ስጀምር ብቻ ነው ዲስኩ የታየኝ፣ እሱም መጀመሪያው ላይ። ያረጀ ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው ግን ጥቅሙን በግልጽ ሊያየው ይችላል።

ዋጋ ያስከፈለኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ያስተካከልኩት ኮድም በዚያው ቴምፕኤፍኤስ ላይ ስለነበር የከሰዓት በኋላ ሥራዬ አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ምንጭ ኮዱ ከዲስክ አይነሳም፤ ራም ላይ የማስቀምጠው ቢጠፋ ተመልሶ የሚሠራውን የኮምፓይሉን ውጤት ብቻ ነው። እሱም የዲበግ (ስህተት ለመፈለግ የሚረዳ) መረጃ ሲጨመርበት በብዙ ጊጋባይት ያብጥና ኮምፓይለሩ የሚፈልገውን ራም ይሻማል።

ጥበቃዬን በእውነት ያሳጠረው የሥራውን መጠን መቀነሱ ነው። «ሲካሽ» የተባለው ፕሮግራም ከዚህ በፊት የተሠራውን ውጤት አስቀምጦ ስለሚመልስ ያልተለወጠ ፋይል ዳግም ኮምፓይል አይደረግም። ከርነሉ ራሱ ደግሞ «ሎካልሞድኮንፊግ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ በዚያች ቅጽበት የተጫኑትን ሞጁሎች (እንደ ድራይቨር ያሉ፣ ሲያስፈልጉ ብቻ የሚጫኑ የከርነል ክፍሎች) ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ይተዋል። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን መሣሪያ ሁሉ ሰክታችሁ ቆዩ፤ እኔ ፍላሽ ዲስኬን ሳልሰካ ስለጀመርኩ አዲሱ ከርነል ሊያነብልኝ አልቻለም።