ናሳው ላይ በ56 ዶላር የዋልንበት ቀን

ወንዱ ልጄ እንቅልፍ ሲመጣበት ጆሮውን ያሻል። አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያቺን ምልክት ከጨቅላነቱ ጀምሮ አውቃታለሁ። ባለፈው ሐምሌ በመዝናኛ መርከብ (ክሩዝ) ሄደን ባሃማስ፣ ናሳው ከተማ፣ ጃንካኑ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ጆሮውን ማሸት ሲጀምር ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከሩብ ነው። ባሕሩ ረጋ ብሏል። ታላቅ እህቱ ገና አሸዋ እየቆፈረች ነው። የተከራየነው ወንበርም እስከ ማታ የእኛ ነው። "በሉ እንነሳ" አልኩ። ባለቤቴ ገርሞት አየኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን አልነሳም ነበር። ያኔም በሌላ መርከብ እዚሁ ናሳው መጥተናል። ሴቷ 4 ዓመቷ፣ ወንዱ የ7 ወር ሕፃን ነበር። መርከቡ ላይ የሽርሽር ፓኬጅ ገዛን። በሚኒባስ ወስደው ከከተማ ወጣ ያለ የባሕር ዳር ሆቴል ያውሉሃል፤ ለሁላችን 340 ዶላር። ሕፃኑ መንገድ ላይ ተኛ፣ ስንደርስ ነቃ፣ ከዚያ በኋላ ያለቀሰውን ልቅሶ አልረሳውም። ሴቷ ማዕበሉን ፈርታ ከእቅፌ አልወርድም አለች። ሲርባቸው ምሳ ገዛን። ፀሐዩ ሲበረታ ኮፍያ ገዛን። ሲያለቅሱ አይስክሬም ገዛን። የመመለሻው ሚኒባስ እስኪመጣ መጠበቅ አቅቶን በታክሲ ተመለስን። ማታ ስንደምረው 460 ዶላር ሆነ። ውሃ ውስጥ የቆየነው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ያንን ሂሳብ ብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ፓኬጁ ውድ ነበር፣ እሺ። ግን ከፓኬጁ ውጭ ያለው 120 ዶላር በሙሉ የወጣው ልጆቹ ሲደክማቸው፣ ሲርባቸው ወይም ሲሞቃቸው ነው። የሚያለቅስ ልጅ የታቀፈ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ የተጠየቀውን ከፍሎ ይገላገላል። ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ የከተማውን ካርታ ከመክፈቴ በፊት የልጆቼን የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ቀኑን በሙሉ የሠራሁት በዚያ ዙሪያ ነው።

የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መርከቡ የሚነሳው ከባልቲሞር ስለሆነ ለአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት አልገዛንም። ሻንጣውን መኪና ላይ ጭነን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ደረስን። ዲሲ አካባቢ ላለ ቤተሰብ ትልቁ ቁጠባ ይኼ ይመስለኛል። ማያሚ ላይ ርካሽ የመርከብ ዋጋ ስታዩ የአውሮፕላኑን ትኬትና የአንድ ሌሊት ሆቴሉን ጨምራችሁ ደምሩት። ሐምሌን የመረጥነው ትምህርት ቤት ስለሚዘጋና እናቴ አብራን ስለምትሄድ ነው፤ ፍልሰታ ከገባ በኋላ እሷን ከቤት ማንቀሳቀስ አይታሰብም። ካቢናችንም መስኮት የሌለው ነው። ለመኝታ ብቻ ስለሆነ ምንም አልጎደለብንም፤ እንዲያውም ጨለማው ለልጆች እንቅልፍ ተስማማ።

ስለ ሰነድ አንድ ነገር ልበል። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ መርከብ፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ከ16 ዓመት በታች ልጅ በልደት ሰርተፊኬት ብቻ መሳፈር ይችላል። ለልጆቹ ገና ፓስፖርት ላላወጣ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እናቴ ግን ያላት ግሪን ካርድ ነው። ግሪን ካርዷንና የኢትዮጵያ ፓስፖርቷን ሁለቱንም ያዘች። ገንዘብ ከመክፈሌ በፊትም የመርከቡ ድርጅት ጋ ደውዬ፣ መርከቡ የሚቆምበትን አገር ስም እየጠራሁ ለእሷ የሚያስፈልገውን ጠየቅኩ። ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ቀጥሎ ምግብ። እናቴ ከመሄዳችን ሁለት ቀን በፊት ለዳቦ ቆሎ ዱቄት ልታቦካ ስትል አስቆምኳት። ቤት የተሠራ ምግብ ወደ መርከቡ ማስገባት አይፈቀድም። ከሐበሻ ሱቅ የታሸገ ዳቦ ቆሎና የገብስ ቆሎ ገዛን። ወደቡ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፤ ከመርከቡ ቡፌ ሙዝም ሆነ ሳንድዊች ይዞ ወደ ከተማ መውረድ ክልክል ነው። እሽጉ ያልተከፈተ ብስኩትና ቆሎ ግን ያልፋል። ባዶ ኮዳ ይዘን ሄደን ስለነበር ጠዋት ጠዋት መርከቡ ላይ ውሃ እንሞላ ነበር። ባሕር ዳር ውሃ እየገዙ መዋል ለአምስት ሰው ቀላል ወጪ አይደለም።

ከዋዜማው ማታ ሁለት ነገር አደረግኩ። 100 ዶላር በአንድና በአምስት ዶላር ኖቶች ዘርዝሬ ፖስታ ውስጥ አስገባሁ። የባሃማስ ዶላር ከአሜሪካው ጋር አንድ ለአንድ ስለሆነና የእኛንም ስለሚቀበሉ ምንዛሪ አያስፈልግም። ትልቅ ኖት ከሰጣችሁ ግን መልሱ በእነሱ ገንዘብ ሊመጣ ይችላል፤ ቤት ይዛችሁት ብትመለሱ አይጠቅማችሁም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። መርከቡ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ተሳፋሪ ግን በ10 ሰዓት ተኩል ገብቶ መጨረስ አለበት። በቤታችን ግማሹ ሰው በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚናገር ሁለቱንም ጽፌ የካቢኑ በር ላይ ለጠፍኩት፦ "4:30፣ በእኛ 10 ሰዓት ተኩል።" በመርከቡ ፓኬጅ ሳይሆን በራሱ የወጣን ሰው መርከብ አይጠብቅም። ከወደቡ ርቀን ላለመሄድ የወሰንነውም ለዚህ ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መርከቡ ላይ ጥግብ ብለን በላን። 2 ሰዓት ላይ ወረድን። ጃንካኑ ከወደቡ ወደ ምዕራብ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ በልጅ እርምጃ ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። በር ላይ የታክሲ ሾፌሮች ይጠራሉ። ፈገግ ብሎ "ኖ፣ ታንክ ዩ" ማለት ይበቃል። ከዚያ ራቅ ብሎ የተሻለ አሸዋ ያለው ኬብል ቢች አለ፤ እንደ እኛ አገር ሚኒባስ ታክሲ ያለ 10 ቁጥር ጂትኒ ይወስዳል። ልጆች የሌሏችሁ ብትሆኑ እሱን እመክር ነበር። እንቅልፉ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ለሚችል ልጅ ግን በእግር ወደ አልጋው የሚመለስበት ቦታ ይሻላል።

ዳርቻው በነፃ ነው። ወንበርና ጃንጥላ ግን ይከራያል። ሰውየው ለሁለት ወንበርና ለአንድ ጃንጥላ 30 ዶላር አለን። እናቴ መርካቶ ያደገች ሴት ናት። "ገና ማለዳ ነው፣ የመጀመሪያ ደንበኛህ ነን በይልኝ" አለችኝ። ተረጎምኩለት። ሳቀና 20 አለ። ለእሷ አንድ የኮኮናት ውሃ በ4 ዶላር ገዛሁላት። ጃንጥላው ሥር ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ባሕሩን ዝም ብላ እያየች ጠጣችው።

እኛ በነበርንበት በኩል ዋናተኛ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ ተራ ገባን። ተረኛው ስልክ አይነካም፣ ከልጆቹም ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም። ላይፍ ጃኬታቸውን ከቤት ነው ያመጣነው። እጅጌ ያለው የዋና ልብስ አለበስናቸው፤ ፀሐይ እንዳያቃጥላቸው ከክሬም የበለጠ የሚያድነው እሱ ነው። የውሃ ጫማም አይቅርባችሁ። ውሃው ረጅም ርቀት ጉልበት ድረስ ብቻ ስለሆነ ማዕበል ስትፈራ የነበረችው ልጄ በሩብ ሰዓት ውስጥ ወንድሟን ማስተማር ጀመረች። ለሦስት ሰዓት ያህል ተጫወቱ። ያ ጆሮ ማሸት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የዕለቱ ስህተቴ የመጣውም እዚያው ላይ ነው። ደረቅ ልብስ አልያዝኩም። "ቅርብ ነው፣ መርከብ ላይ ይቀይራሉ" ብዬ ነበር። ልጁ ከእርጥብ ቁምጣው ጋር አሸዋ ይዞ መንገድ ጀመረ። አሸዋው ጭኑን ፋቀው። የልጅ ጋሪው ላይ መቀመጥም አልቻለ፣ መራመድም አልቻለ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ። ለሩብ ሰዓት መንገድ 12 ዶላር ከፍለን ታክሲ ያዝን። አንድ ደረቅ ሱሪና አንድ ኮዳ ማለቅለቂያ ውሃ ቢኖረኝ ኖሮ ያ ገንዘብ አይወጣም፣ ልጁም አይሠቃይም። መርከቡ ላይ አንዲት እናት የሕፃን ፓውደር አሸዋውን እንደሚያራግፍ ነገረችኝ። ሞከርኩት። እውነቷን ነው፤ ነስንሶ በደረቅ ፎጣ ማራገፍ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ነው ከሁሉም የምወደው። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ሰው ከተማ ስለሆነ መርከቡ ባዶ ነው። ምሳው ተከፍሎበታል። ሰልፍ የለም። የልጆቹ ገንዳ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። በሌላ ቀን ቦታ አይገኝበትም። ወንዱ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ካቢኑ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኛ። ያ እንቅልፍ የማታውን ራታችንን ጭምር ነው ያዳነው።

ይህ ዘዴ የሚሠራው መርከቡ ከከተማው ጎን ተጠግቶ በሚቆምበት ወደብ ነው። ግራንድ ካይማን ላይ ለምሳሌ መርከብ ባሕር ላይ ይቆምና በጀልባ ነው የምትወርዱት። እዚያ ለእንቅልፍ ተመልሶ እንደገና መውጣት አይታሰብም። ጉዞ ስትመርጡ የአገሮቹን ስም ብቻ ሳይሆን መርከቡ እንዴት እንደሚቆምም እዩ።

ባለቤቴ ከተኛው ልጅ ጋር ቀረ። እኔ፣ እናቴና ሴት ልጄ 7 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ወረድን። የንግሥቲቱ ደረጃ ወደሚባለው ቦታ ነው የሄድነው። ስሙ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሰጠ ነው። የሠሩት ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከኖራ ድንጋዩ በእጃቸው ፈለፈሉት። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ስለሆነ ውስጡ ጥላ ነው። ከውጭ ያለው ሙቀት እዚያ ሲገባ ይቀራል። በቀትር ከልጅ ጋር የሚኬድበት ሌላ ቦታ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው። ላሊበላን ሁለት ጊዜ ተሳልማለች። "ይኼም እንደዚያው ከላይ ወደ ታች ነው የተፈለፈለው" አለች። ቆየት ብላ፣ "እነዚያ ግን ለአምላካቸው ብለው ነው። እነዚህ ተገደው" አለችና አማተበች። ልጄ ባርነት ምን እንደሆነ ጠየቀች። ደረጃው ላይ ተቀምጠን የ7 ዓመት ልጅ በሚገባት ቋንቋ ነገርኳት። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች፣ ባሃማስንም ጨምሮ፣ ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 እ.ኤ.አ. መሆኑንም ነገርኳት። ከዚያ እየቆጠረች ወጣች። 65 ሆነባት። ደረጃዎቹ 66 ናቸው፤ የታችኛው መሬቱ ሲነጠፍ ተሸፍኖ ነው። ይህን ስነግራት ተመልሳ ወርዳ የተቀበረውን ፈለገች። ከላይ በ1793 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፊንካስል ምሽግ አለ። እናቴ ደክሟት ስለነበር ከውጭ አይተነው ተመለስን።

መመለሻችን ላይ ቤይ ጎዳና ያለው፣ የሰሌን ዕቃ የሚሸጥበት የስትሮው ገበያ ገባን። ለእያንዳንዱ ልጅ የመደብኩት 10 ዶላር ነው። ልጄ የራሷን በእጇ ያዘች። ገንዘቡ የእሷ ሲሆን "ግዢልኝ" የሚባል ነገር እንደሚቀር ያኔ አየሁ። ሦስት ሱቅ ዞራ ጠየቀች። በመጨረሻ ትንሽ የሰሌን ቅርጫት በ7 ዶላር ገዛች። ሻጯ መልሷን ስትሰጣት አንድ የ3 ዶላር ኖት ሆኖ ወጣ። ባሃማስ እንዲህ ያለ ኖት አላት። ልጄ አሜሪካ የሌለ ገንዘብ በእጇ ስለገባ ከቅርጫቱ ይልቅ እሱን አቅፋ ተመለሰች። ለወንድሟ በእሱ 10 ዶላር ከእንጨት የተሠራ ኤሊ መረጠችለት።

9 ሰዓት ተኩል ላይ መርከቡ ውስጥ ነበርን። አንድ ሰዓት ተርፎናል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ከላይ ሆነን ስናይ ሰልፉ ረዝሟል፤ ሕፃን ታቅፈው ፀሐይ ላይ የቆሙ እናቶች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ያንን ሰልፍ እኔም ቆሜበታለሁ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፖስታውን አልጋው ላይ ዘረገፍነው። ወንበርና ጃንጥላ 20፣ ኮኮናት 4፣ ታክሲ 12፣ የልጆቹ 20። 44 ዶላር ቀርቷል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

"ነገስ የት ነው የምንቆመው?" አለች እናቴ፣ እግሯን እያሸች።

"ነገ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ ነን፣ እማዬ።"

"ተመስገን" አለችና መብራቱን አጠፋችው።