ሰብለ ወንጌልና እምዬ

ጎጃም ውስጥ ስለ ልብ ወለድ ሴቶች ጀግንነት ወሬ ከተነሣ በቅድሚያ የምትጠራው ሰብለ ወንጌል ናት። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካሳተሙ ወዲህ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ፣ ታሪኩ የሚፈጸምባቸውን ማንኩሳንና ዲማን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የፊታውራሪ መሸሻን ቤትና የልጃቸውን የሰብለን ኑሮ ጎረቤቱ የሆነ ያህል ያውቀዋል። እኔ ያደግሁት ብቸና አካባቢ ስለሆነ ዲማ ጊዮርጊስ ለእኛ ዘመድ የምንጠይቅበት፣ የአብነት ተማሪዎችም አኩፋዳቸውን አንግተው የሚሄዱበት ሀገር ነው፤ መጽሐፉን ሳነብም የማውቀውን ደጅ እያየሁ ነበር።

አብዛኛው አንባቢ ከሰብለ ታሪክ የሚያስታውሰው መነኩሴ መስላ ከአባቷ ቤት መውጣቷን ነው። በእርግጥም ያለ አጃቢ ከደጅ ወጥታ የማታውቅ የባላባት ልጅ የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ የዓባይን በረሃ ለማቋረጥ መነሣቷ በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ የደጀንን ቁልቁለት በመኪና እንኳ የወረደ ሰው ሙቀቱንና ገደሉን ያውቀዋል። የእኔን ልብ ግን ይበልጥ የሚይዘው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባቷ የዘር ክብር እያሉ ለጋብቻ የሚመጣውን ሁሉ ሲመልሱባት፣ እኩዮቿ ወልደው ከብደው እሷ ከአባቷ ቤት ስትቀር፣ ያንን ሁሉ ዓመት ክፉ ሳይወጣት የኖረችው በምን ኃይል ነው? የምትወደውን በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ ከተለየችው በኋላስ፣ ቆቧን ደፍታ በመቃብሩ አጠገብ ስትኖር፣ ማንም የማያያትን ያን ረጅም ዘመን እንዴት ገፋችው? ቆርጦ መውጣት በአንድ ሌሊት ይቻላል፤ የእኔ ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ስለሚነጋው ስለ እያንዳንዱ ጠዋት ነው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣችብኝ የእናቴ እናት ናት፤ እኛ የልጅ ልጆቿ እምዬ የምንላት። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በክረምቱ ዕረፍት መጽሐፉን አነብላት ነበር፤ እሷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች፣ እኔ ከበሩ በሚገባው ብርሃን አነባለሁ። የፊታውራሪን ፉከራና የጉዱ ካሣን ንግግር ስትሰማ እየሳቀችም ቢሆን ፈትሏን አታቋርጥም ነበር። እንዝርቷን ያስቀመጠችው የበዛብህ እናት የውድነሽ በጣሙ ታሪክ ላይ ስንደርስ ነው። ያገቧት ባሎች እየሞቱባት ሀገሬው ገፊ ናት ብሎ ሲፈራት ቤቷን ሳትዘጋ ቆይታ፣ ዘመድ የሌለውን ቦጋለ መብራቱን አግብታ፣ የወለደችውን ልጅ በሕይወት እንዲያድግላት ለእግዚአብሔር የተሳለች ሴት ናት ውድነሽ። እምዬ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ይችን ሴት አውቃታለሁ፤ እስቲ እንደገና ድገሚልኝ» አለችኝ።

እምዬ ባሏ ሲሞትባት ታናሿ ልጅ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። በእኛ ሀገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትለቅማለች እንጂ ሞፈር አትይዝም፤ ስለዚህ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት እያላት የሚያርስላት ሰው ትለምናለች። ለእኩል አራሽ ከሰጠች የእህሏ ግማሽ ይሄዳል፤ ደቦ ከጠራችም ጠላውን ጠምቃ፣ እንጀራውንና ወጡን አሰናድታ መጠበቅ አለባት። ጦሙን ያደረ መሬት ደግሞ ዓይን ይበዛበታል። በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ከባሏ ወገን የሆነ አንድ ድንበርተኛዋ የተተከለውን የድንበር ድንጋይ አልፎ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ወደ እሷ ማሳ ይገባ ጀመር። አንድ ትልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለም፤ እምዬ ግን ትቆጥረው ነበር።

እናቴ እንደምትነግረኝ፣ በአንድ የእርሻ ጠዋት ሰውዬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲመጣ እምዬን ድንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጥጧን በእንቅብ አጠገቧ አድርጋ ትፈትላለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ የሚያግዛትም ሰው አልጠራችም። በሬዎቹ ከፊቷ ደርሰው ቆሙ። «ተነሽ» ሲላት «ድንጋዩን ያስተከለው መንግሥት መጥቶ ያስነሣኝ» ብላ መፍተሏን ቀጠለች። ጅራፉን ቢያጮኽም በሬዎቹ ሰው ረግጠው አልሄዱም፤ እያጉረመረመ ወደ ራሱ ማሳ አዞራቸው።

ማታውን ሽማግሌዎች መጡ። «ለአንዲት ትልም ብለሽ ከዘመድ አትለያዪ፤ ነገ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚደርስልሽ እሱ ነው» አሏት። ይህ ምክር በሀገራችን ስንቷን ሴት ከመሬቷ እንዳስነሣ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ክፋት የለበትም፣ ሰላም ፈላጊ ነው፣ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ ተዪ የምትባለው ጉልበት የሌላት ናት። እምዬ ጠላ ቀድታ ካስተናገደቻቸው በኋላ «እኔ ዝምድናውን አልተውኩም፤ እሱም ትልሜን ይተውልኝ» አለቻቸው። ነገሩ ስላልበረደ ፍርድ ቤት ደረሰ። በቀጠሮዋ ቀን ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ፣ በሶዋን ቋጥራ፣ ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ በመቀነቷ አስራ በእግሯ ትሄድ ነበር። በክልላችን ለገበሬ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር ለባልና ሚስት ሲሆን የሁለቱንም ፎቶግራፍ ይይዛል፤ በእምዬ ደብተር ላይ ያለው የእሷ ፊት ብቻ ነው። በመጨረሻ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ማሳውን በገመድ ለክቶ መሰከረላት፤ ድንበሩም ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ለእኔ ከፍርዱ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የዚያው ሰው እናት ባረፈች ጊዜ መንደሩ ሁሉ እምዬ ትቀራለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እንጀራ በሌማት አሸክማ ከለቀስተኛው ቀድማ ደረሰች፤ ሟቿንም በስሟ እየጠራች ሙሾ አወረደችላት። አስታራቂ አልላከችም፣ ይቅርታም አልጠየቀች። መብቷን በፍርድ ያስከበረችበትን ሰው በሐዘኑ ቀን ቀና ብላ ማየት ድንበር ላይ ከመቀመጥ የሚከብድ ይመስለኛል፤ ለዚያኛው ቁጣ ያግዛል፣ ለዚህኛው ግን የሚያግዝ ነገር የለም።

ከዚህም ቀደም ብሎ፣ እናቴ ገና ልጅ ሳለች፣ ለጋብቻ የሚጠይቋት ይመላለሱ ነበር። እምዬ ሁሉንም መለሰቻቸው። ፊታውራሪ መሸሻም የልጃቸውን ጠያቂዎች መልሰዋል፤ እሳቸው ግን የመለሱት ለዘራቸው ክብር ነበር፣ እምዬ የመለሰችው ልጇ ከመማሪያ ክፍል እንዳትነሣ ነው። ፊታውራሪን ደፍሮ የሚናገራቸው ጥቂት ነበር። ባል የሌላት ድሃ ሴት የባለ ጥማድ በሬ ቤት ልጅ አልፈልግም ስትል ግን በገበያና በወንዝ የማይባል አልነበረም፤ ልጅቷ ቆማ ቀረች፣ ጥጋብ ነው፣ ምቀኝነት ነው ተባለ። እናቴ ብቸና ቤት ተከራይታ፣ የሳምንት ስንቋን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሸከመች ተምራ መምህርት ሆነች። የእናቴ ብርታት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለው ጽናት በጎጃም በገበሬ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሣት ይበቃል፤ የዓይን ብርሃናቸውን በልጅነታቸው አጥተው፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ኋላም ራሳቸው መምህር ሆነው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ያስቀኙ ሴት ናቸው። የቅኔ ቤት የወንዶች ጉባኤ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልገውም። እሳቸው እንደ ሰብለ ወንድ ሳይመስሉ፣ በተቀመጡበት ጉባኤውን ወደ እርሳቸው አመጡት።

እነዚህን ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ስለ ልብ ወለዶቻችን አንድ ቅሬታ ይሰማኛል። ሰብለን እወዳታለሁ፤ ሐዲስ ዓለማየሁም የሀገሬን ሴት ልብ በዚያ ጥልቀት ስለጻፉልን ሁልጊዜ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን እኔ ባነበብኳቸው ረጅም ልብ ወለዶች የሴት ድፍረት በአብዛኛው የሚለካው በፍቅር ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ሞት ወይም ምናኔ ይሆናል። ውድነሽ በጣሙም ብትሆን የልጇ ታሪክ መግቢያ ሆና ታልፋለች። ድንበሯን ያስከበረች፣ ልጇን ያስተማረች፣ ከባላጋራዋ ጋር በአንድ ደብር እየተሳለመች አርጅታ በገዛ ቤቷ ያረፈች ገበሬ ሴት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባለታሪክ የሆነችበት መጽሐፍ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ካለ ስለ እኩል አራሽ ውል፣ ስለ ደቦ ወጪ፣ ስለ ሽማግሌ ምክርና ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አብዝቶ እንዲጽፍ እለምነዋለሁ፤ የእምዬ ዓመታት ያለቁት እዚያ ላይ ነው። እናቴ አሁንም ብቸና ናት፤ የቀረውን ከእኔ አብልጣ ታውቀዋለችና፣ ለሚጠይቃት ሁሉ ቡና አፍልታ ትነግረዋለች።